ስልክ ለማይነካ ሰው የሚሆን ስማርት ቤት፦ ጎንደር ላይ የሚያዛልቀው የትኛው ነው?

ማራኪ_ሽቦ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ስማርት ቤት ስናወራ አብዛኛው ወሬያችን ስለ ዕቃው ነው፤ የትኛው ሪሌ (በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ዕቃ) ረከሰ፣ የትኛው አፕ ተሻለ። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ዕቃው ከተገጠመ በኋላ አብረውት ስለሚኖሩት ሰዎች ነው። የገጠመው ልጅ ወደ ሥራው ወይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ቤት የሚቀሩት እናት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ተከራይ ናቸው። ብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የሚይዙት፤ ባለ ስክሪን ስልክ የያዙትም ቢሆኑ መብራት ለማብራት እንግሊዝኛ አፕ ከፍተው አይታገሉም።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ስልክ ሳይነካ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ መሥራት የማይችል ዕቃ ጎንደር ውስጥ ሰው ቤት መግባት የለበትም። አፑ ለገጣሚው ይሁን፤ ለነዋሪው ግድግዳው ይበቃዋል።

ጎንደር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በሌሊት። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ደግሞ ስንቱን ነገር በኢንተርኔት ላይ እንደሰቀልነው ሁላችንም አየን። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ የሆነ አምፖል እንዲህ ባለ ቀን ከአልጋ ሆኖ በስልክ አይታዘዝም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዘዞ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፤ የበረንዳው መብራት "አብዷል" ተብሎ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ለገጠመላቸው ሰው "12 ሰዓት ላይ ይብራልኝ፣ ንጋት 12 ላይ ይጥፋ" ብለውታል። አፑን ከፍቼ ሳየው 12:00 ይብራ፣ 00:00 ይጥፋ ይላል። መብራቱ ቀን በ6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ይበራል፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ሌባ በሚፈራበት ሰዓት፣ ይጠፋል። እትዬ ለሳምንታት ራሳቸውን ሲወቅሱ ነበር፤ "እኔ ነክቼው ይሆናል" እያሉ። ምንም አልነኩም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ተናገሩ፣ ዕቃው በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀበለ፤ መሐል ላይ ስድስት ሰዓት የሚቀንስና የሚደምር ሰው አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሰብስበን ለጎንደር ቤት የሚሆን አሠራር ብናወጣ ምን ይመስላችኋል? የገጠማችሁም፣ ተገጥሞባችሁ የተቸገራችሁም ጻፉ።

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

ጥሩ ነገር አነሳህ ወንድሜ። ስለ ሰዓቱ አንድ ልጨምር፤ የቀኑም አቆጣጠር ያሳስታል። ውሃ "ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት" ይመጣል ሲሉህ ለዓርብ አጥቢያ ማለታቸው ነው። አፑ ላይ ይህ ዓርብ 02:00 ነው። ሐሙስ ብለህ ከሞላኸው አንድ ቀን ቀድሞ ይነሳል።

ለበረንዳ መብራት ግን ሰዓት ለምን አስፈለገ? ሲጨልም የሚበራ፣ ሲነጋ የሚጠፋ የብርሃን ሴንሰር አለ፤ አፕ የለው፣ ዋይፋይ የለው። እኛ ጋ በበጋና በክረምት የፀሐይ መጥለቂያ ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሴንሰሩ ያንንም ራሱ ያስተካክለዋል። ሴንሰሩን አምፖሉ ብርሃን እንዳያርፍበት አድርገህ ስቀለው፤ አለበለዚያ የራሱን ብርሃን አይቶ ነጋ ብሎ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይበራል፣ እንዲያ ሲል ያድራል።

ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ስመጣ ዋናው ችግር ሽቦው ነው። ብዙ ቤታችን ውስጥ ማብሪያው ጋ የሚወርደው ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ ተመላሹ ብቻ ነው፤ ስማርት ማብሪያው ለራሱ የሚፈልገው ኒውትራል የሚባለው ሽቦ የለም። ስማርት ማብሪያ ገዝተው ያመጡልኛል፣ ሳጥኑን ስከፍተው ሁለት ሽቦ ብቻ። ያኔ ያለ ኒውትራል የሚሠራውን ይገዛሉ፤ እሱ ደግሞ ለራሱ የሚሆነውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፍ ትንሽ ዋት ያለው ኤልኢዲ ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል። አብሮት የሚመጣውን ካፓሲተር አምፖሉ ጋ ካላሰሩት አይተውም።

እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ትንሿን ሪሌ ኮርኒስ ውስጥ፣ ጀንክሽን ሳጥኑ ጋ አስገባታለሁ፤ እዚያ ኒውትራል አለ። የድሮው ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ይቆያል፣ ሪሌዋን ያዛታል። እናትየው ትናንት የተጫነችውን ቁልፍ ዛሬም ትጫናለች፤ ቤቷ ውስጥ የተለወጠ ነገር አይታያትም። ልጅየው ከፈለገ በስልኩ ያዛል።

አራዳ_ባልትና

እኔ ደግሞ እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ምጣዴን በስልክ የማበራበት ሶኬት ሊገዛልኝ ያሰበ የእህቴ ልጅ አለ። ከገበያ ሳልመለስ ግሎ ይጠብቅሻል ይለኛል። ይሆናል?

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

አይሆንም እህቴ፤ እባክሽ እንዳታስገጥሚ። ምጣድ እስከ 3500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ገበያ ላይ ያለው ብዙ ስማርት ሶኬት የ10 አምፔር ነው፤ ማለት 2200 ዋት። ሌማት ሙሉ እስክትጋግሪ ሶኬቱ ይቀልጣል። ዲቫይደር ላይ መሰካትም እንደዚያው ነው።

አቅሙ ቢኖረው እንኳ ሰው ሳይኖር ምጣድ አይበራም። አክንባሎው ላይ ጨርቅ ቢረሳስ? ልጅ ቢኖርስ? በርቶ ሳለ መብራት ሄዶ አንቺ ወጥተሽ ሳለ ቢመለስስ? ሙቀት ያለውን ነገር ሁሉ፣ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ በሩቅ አናዝም።

አራዳ_ባልትና

ገባኝ፤ ተባረክ። ለእህቴ ልጅ አነብለታለሁ።

ማራኪ_ሽቦ

መብራት ሄዶ ሲመለስ ስለሚሆነው ነገር የተነሳው ለብቻው መታየት አለበት፤ ጎንደር ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ብዙው ስማርት ሪሌ "መብራት ሲመለስ ምን ላድርግ?" የሚል ማስተካከያ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ነው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወይም ቀድሞ የነበረበት ሁኔታ ላይ ይመለስ። ገጣሚው ይህን ሳይነካ ከወጣ ፋብሪካው ያስቀመጠው ይቀጥላል፣ እሱም ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። ለመኝታ ቤት መብራት ጠፍቶ ይቆይ፤ ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ሊነቃ አይገባም። ለፍሪጅ የሚሆን ከሆነ ይብራ፣ ግን ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ። ለፓምፕ ደግሞ ውሳኔውን ሮቶው ውስጥ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ ለሚለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ተውት።

ሩቅ_አገር

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። የምኖረው ውጭ ነው፣ እናቴ ጎንደር ቀበሌ 18 ብቻዋን ነች። እሷ ስልክ እንድትነካ ጠይቄያት አላውቅም። አፑ ለኔ ነው። መብራቷ በርቶ እንዳደረ፣ የግቢው በር እንደተዘጋ ከዚህ ሆኜ አያለሁ፣ አጠፋላታለሁ፣ አበራላታለሁ። ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም ብላችሁ ይህንን ከከለከላችሁ እኔን ከእናቴ ትለያላችሁ። ቴክኖሎጂ ለማያውቅ ሰው ትልቁ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያግዘው ነው ብዬ አምናለሁ።

ማራኪ_ሽቦ

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ከእናትህ የሚለይህን ነገር ማንም አይመኝም። ከሩቅ ማየቱ ይኑር። የምለው ከሩቅ ያለው ሰው ሲጠፋ ቤቱ አብሮ አይጥፋ ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ አካውንቱ በማን ስም ነው?

ሩቅ_አገር

በእኔ ኢሜይል ነው።

ማራኪ_ሽቦ

እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ስልክህ ቢሰረቅ፣ ኢሜይልህ ቢዘጋ፣ እናትህ ቤት የሚሄድ ኤሌክትሪሻን ዕቃውን ከስር ፍቆ እንደገና ከመጀመር ሌላ ምርጫ የለውም። ቢያንስ አንድ ጎንደር ያለ ዘመድ በአፑ "ቤተሰብ" ውስጥ በሙሉ ሥልጣን ይግባ። ዕቃው ላይ ያለችውን የማገናኛ ኮድ ፎቶ አንስተህ፣ ወረቀትም ላይ አትመህ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ያማል፣ ግን ልናገረው። እናት ሳሎን ተቀምጣ ሳለ መብራቱ በድንገት ሲጠፋባት ልጇ ከሩቅ አጠፋው ብላ አታስብም። መብራት ሄደ ትላለች፣ ሻማ ፍለጋ በጨለማ ትነሳለች። ሰው ያለበትን ክፍል ከሩቅ ከማጥፋትህ በፊት ደውልላት።

ስለ ሰርቨር ደግሞ የኛን ኢንተርኔት ብቻ አትመልከት። ሪቮልቭ የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ ሳጥን ነበር፣ ዋጋው 300 ዶላር። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት ገዛው፣ በ2016 ሰርቨሩን ዘጋው፤ ሳጥኑ ሰው ቤት ተቀምጦ ሥራ አቆመ። በአፕሪል 2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የሚባለው የስማርት ቤት ዕቃ ሠሪ ሰርቨር ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። እነዚህ ኢንተርኔት በማይቋረጥበት አገር የሆኑ ናቸው።

ሩቅ_አገር

የመብራቱን ነገር እውነትም አላሰብኩትም ነበር። እደውልላታለሁ። አካውንቱ ውስጥ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ፣ እዚያው አራዳ ነው ያለው።

ነጭ_በትር

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር ነው የምኖረው። ይህን ክር ቶክባክ (ስልኩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ አፕ) እያነበበልኝ ነው የተከታተልኩት። ማንም ያላነሳውን ላንሳ።

አሁን ፋሽን የሆነው የመስታወት ማብሪያ ለእኔ ግድግዳ ነው። አራት ቁልፍ አለው ይሉኛል፤ እጄ የሚያገኘው አንድ ልሙጥ መስታወት ነው። የትኛው የት እንዳለ ስፈልግ ስዳስሰው ሁሉም ይበራል። መብራቱ ለእኔ ባያስፈልግም እንግዳ ሲመጣ በጨለማ ማስቀመጥ አልፈልግም፣ የመብራት ሒሳብም እከፍላለሁ። የድሮው ማብሪያ ወደ ታች ከሆነ በርቷል፣ ወደ ላይ ከሆነ ጠፍቷል፤ በጣቴ አውቀዋለሁ። ኤሌክትሪሻኑ እንደነገረን ሪሌ ከኮርኒስ ሲገባ ግን ይህ ምልክት ይጠፋል፤ በስልክ ከጠፋ ማብሪያው "በርቷል" ባለበት ይቀራል። ለእኔ ቢያንስ ሲበራ አንድ ጊዜ፣ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ ጢጥ የሚል ነገር ያስፈልጋል።

አፖቹም እንደዚሁ። ስዕል ብቻ ያለው ቁልፍ ላይ ስደርስ ቶክባክ "ስም የሌለው ቁልፍ" ብሎ ያልፋል። ሠሪው አንዲት መስመር ጽሑፍ ቢጨምር የሚፈታ ነገር ነው። አማርኛ ጽሑፍ ሲሆን ኢስፒክ የሚባለው ነፃ አንባቢ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው ግን ይገባል። ስለዚህ የዕቃዎቹን ስም በአማርኛ ጻፉልን፤ "ስዊች 1፣ ስዊች 2" ብላችሁ አትተዉን። "የሳሎን መብራት" ይበል።

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለእንዲህ ያለው ቤት ሪሌዋን አላስገባም፣ ወይ ጢጥ የሚለውን ቡዘር እጨምርበታለሁ። ቡዘሩ የጥቂት ብር ነገር ነው።

እንግዳ_ማረፊያ

ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ለጥምቀት ሰሞን ፋሲል መዋኛ የሚመጣው እንግዳ ሲሞላብን ቦይለሮቹን ሰዓት ቆጥሮ የሚያበራ ታይመር አስገጠምን። ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ ታይመሩ የራሱ ባትሪ ያለው መሆን አለበት። የመጀመሪያው አልነበረውም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን ረስቶ ከ00:00 ይጀምራል፣ እንግዳው ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ሁለተኛ፣ በቀን የሚሞላ ፕሮግራም ስትሠሩ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብላችሁ አትዝጉት። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ነው የሚውለው።

የጽዳት ሠራተኞቻችን ታይመሩን አይነኩም። በሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አድርገናል፤ ከበራች ውሃው እየሞቀ ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋቸውም፣ ጠይቀውም አያውቁም።

4ኛ_ዓመት_ኮምፒውተር

ስለ ባትሪው የተነገረው በዋይፋይ ዕቃዎችም አለ። ርካሾቹ ሪሌዎች ውስጥ ያለው ኢኤስፒ የሚባለው ቺፕ ሰዓቱን የሚያውቀው ከኢንተርኔት ጠይቆ ነው። መብራት ሄዶ ኢንተርኔት ሳይኖር ከተመለሰ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፣ ፕሮግራሙም አይነሳም። ዲኤስ3231 የሚባለው ባለ ባትሪ የሰዓት ቺፕ ቢጨመርበት ይፈታል።

የኔ ሐሳብ ግን ሆም አሲስታንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ነፃ የስማርት ቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው፣ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እቤት ውስጥ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ያንተው ነው። የሁሉንም ዕቃ ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። በ2022 የወጣው ማተር የሚባለው ስታንዳርድም በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ነው የሚነጋገረው፣ የውጭ ሰርቨር ሳይፈልግ። አያቶቻችንን በድምፅ ማገልገል ብንችል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም፣ እኛ ግን አምስት ስድስት ቃል ብቻ የሚለይ ነገር ማሠልጠን እንችላለን። "መብራት አብራ"፣ "ውሃ ክፈት" ቢበዛ።

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

ልጄ፣ ትምህርትህን ያብዛልህ። ግን ራስፕቤሪው መብራት በድንገት ሲቋረጥበት ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። ያኔ እትዬ ማንን ይጥሩ? አንተ ተመርቀህ ሄደሃል።

4ኛ_ዓመት_ኮምፒውተር

ልክ ነው ጋሼ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካልተደረገለት፣ ከካርድም ይልቅ ኤስኤስዲ ካልሆነ አይዘልቅም። ባይኖርም ማብሪያዎቹ ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ ከሆነ የተገጠሙት ግን እሱ ሲበላሽ ቤቱ አይቆምም፤ የሚቀረው ተጨማሪው ነገር ነው። በዚህ ቢሆን እስማማለሁ።

ማራኪ_ሽቦ

በዚህ ተስማምተናል ማለት ነው። የውሃውን ነገር ልጨርስ፤ ለብዙ ቤት መጀመሪያ መገጠም ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃ በሌሊት ሲመጣ አንድ ሰው ተነስቶ ከታች ያለውን ሮቶ ይሞላል፣ ከዚያ ፓምፕ አስነስቶ ወደ ላይኛው ያወጣል። ብዙ ጊዜ የምትነሳው እናት ናት። ይህን ለማስቀረት ስልክም ዋይፋይም አያስፈልግም። ሁለት ተንሳፋፊ ይበቃል፦ የታችኛው ሮቶ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ውሃ ሲኖር ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ የላይኛው ውስጥ ያለው ሮቶው ሲሞላ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ሁለቱ በተርታ ታስረው ኮንታክተሩን (ሞተር የሚያስነሳ ጠንካራ ማብሪያ) ያዛሉ። ከታች ውሃ ካለና ከላይ ካልሞላ ብቻ ፓምፑ ይነሳል። መብራት ሄዶ ቢመለስም ራሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ፓምፑን በቀጥታ በሪሌ አታስነሱት፤ ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት አምፔር አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ የሪሌው መገናኛ ይጣበቃል፣ ፓምፑ አልጠፋ ይላል።

ከቆጣሪው አጠገብ ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያ ይሁን፦ በእጅ፣ ጠፍቷል፣ በራሱ። በጣት የሚለይ ነው። ግድግዳው ላይ የምለጥፈው ወረቀት ይኸውና፣ አስተካክሉት፦

"ውሃው ራሱ ይሞላል። ቀይ መብራት ከበራ የታችኛው ሮቶ ባዶ ነው፤ ምንም አትንኩ፣ ውሃ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ራሱ ካልሠራ ማዞሪያውን ወደ 'በእጅ' አዙሩ፤ ሲሞላ 'ጠፍቷል' ላይ መልሱ። ሽታ ወይም ጭስ ካለ ትልቁን ብሬከር ወደ ታች አድርጉና ደውሉ።" ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ በትልቁ ተጽፎ።

ነጭ_በትር

ወረቀቱ ለእኔ አይሆንም፣ ለሌላው ጥሩ ነው። ከቀይ መብራቱ ጋር አንድ ጢጥታ ጨምሩበት። ስትገጥሙም ቤት ያለውን ሰው እጁን ይዛችሁ ማዞሪያውን ሦስቱም ቦታ ላይ ራሱ እንዲያዞረው አድርጉ፣ እናንተ እያዞራችሁ አታሳዩት።

አራዳ_ባልትና

"ወደ ታች አድርጉ" ከማለት ብሬከሩ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉና "ቀዩን አውርዱ" በሉ። እናቴ ስትደነግጥ አታነብም።

እንግዳ_ማረፊያ

ማዞሪያው "በእጅ" ላይ ተረስቶ ቢያድር ፓምፑ ደርቆ አይቃጠልም ወይ?

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

የታችኛው ተንሳፋፊ በሁለቱም በኩል ይታሰር፤ "በእጅ" ላይም ቢሆን ከታች ውሃ ከሌለ አይነሳም። "በእጅ" የሚዘለው የላይኛውን ብቻ ነው፣ ቢረሳ የሚሆነው ከላይ መፍሰስ ነው። ተንሳፋፊው ሦስት ሽቦ አለው፣ ቀለሙን አትመኑ፤ በመልቲሜትር ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ለዩ። ውሃ ውስጥ የሚገባ ሽቦ ስለሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው 30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር ሳይኖር እንዳትገጥሙ።

ማራኪ_ሽቦ

ቀዩን ፕላስተርም ጢጥታውንም አስገብቼ ወረቀቱን አርሜዋለሁ፤ ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። መጀመሪያ የሚገጠመው አዘዞ፣ እትዬ ቤት ነው። ጋሼ፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ኮንታክተሩ ስንት አምፔር ቢሆን ይሻላል?

ፒያሳ_ኤሌክትሪሻን

ከ16 አትውረድ። 25 ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።